ቀጭን ድምፅ በጩኸት አይገኝም

በኡልፓን መዝጊያ፣ በትምህርት ቤት በዓል ወይም በወታደሮች ቃለ መሐላ ላይ ተገኝታችሁ ከሆነ ይህን ሳታስተውሉ አትቀሩም። በመጨረሻው ላይ ሁሉም ብድግ ይልና «ሀቲክቫ» ይጀመራል። ዜማው ከወፍራሙ ድምፅ ተነስቶ ደረጃ በደረጃ ስለሚወጣ መጀመሪያ ላይ ሽማግሌውም፣ እናቲቱም፣ ሕፃኑም አብሮ ይዘምራል። ሁለተኛው ክፍል ሲጀመር ግን ዜማው በአንድ እርምጃ ወደ ላይ ዘሎ ይወጣል። ያን ጊዜ ከአዳራሹ ግማሹ ዝም ይላል። ሌላው አገጩን ወደ ጣሪያ ቀስሮ፣ የአንገቱ ሥር እስኪገታተር ይጮሃል። እኛም እውነቱን ለመናገር ለብዙ ጊዜ ከጮኹት ወገን ነበርን።

ነገሩን እንደ ቀልድ አይተን ባለፍነው ነበር። ሆኖም ይህን ጽሑፍ ካዘጋጀነው መካከል የአንዳችን ልጅ በዚሁ ምክንያት አንድ ቀን አልቅሳ ወደ ቤት ገባች። ልጅቷ 11 ዓመቷ ነው፤ አገር ከገባች ሁለት ዓመት አልሞላትም። ዕብራይስጡ ገና ሳይገራላት «ማክሄላ» በሚሉት የትምህርት ቤት የመዘምራን ቡድን ውስጥ ገብታ ስለነበር እጅግ ደስ ብሎን ነበር። ለበዓሉ ሲለማመዱ ግን ቀጭኑ ቦታ ላይ ድምፅዋ እየተሰበረ አስቸገረ። አስተማሪዋም «በበዓሉ ቀን አንቺ አፍሽን ብቻ አንቀሳቅሺ» አለቻት።

በአዲስ አገር ለሚኖር ልጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቋንቋው ገና ስለሚያስቸግረው በክፍል ውስጥ ዝም የሚል ልጅ መዝሙር ላይም ዝም በል ከተባለ የት ሊናገር ነው? በመሆኑም ነገሩን ለማወቅ ተነሳን። የሙዚቃ መምህራንን ጠየቅን፣ ስለ ድምፅ የተጻፈውን አነበብን፣ ከሁሉ ይልቅ ግን አያቷን አዳመጥን። ያገኘነውን እነሆ ለእናንተ ለውድ አንባብያን አቅርበናል።

የመጀመሪያው ስህተታችን

ልጅቷ ስታለቅስ እኛ መጀመሪያ ያደረግነው ትልቅ ስህተት ነበር። «አይዞሽ፣ ከፍ አድርጊና ዘምሪ!» አልናት። እሷም ከፍ አድርጋ ጮኸች። በሦስተኛው ቀን ድምፅዋ ሻክሮ መናገር እንኳ አቃታት።

ስህተቱ ከቋንቋው ይጀምራል። በአማርኛ «ድምፅህን ከፍ አድርግ» ማለት ጮክ በል ማለት ነው። በዕብራይስጥ ደግሞ የሙዚቃ አስተማሪ «ዮቴር ጋቮሃ» ስትል ቃል በቃል «ይበልጥ ከፍ ያለ» ማለቷ ቢሆንም፣ የምትፈልገው ጩኸት ሳይሆን ቀጭን ድምፅ ነው። ጮክ እንዲባል ስትፈልግ «ዮቴር ሐዛክ» ትላለች። ሁለቱን የለየ ልጅ ግማሹን መንገድ ሄዷል ማለት ነው።

ለዚህ ነገር ትክክለኛው ስም ያለው በእኛው ቋንቋ ነው። እኛ ድምፅን «ወፍራም» እና «ቀጭን» ብለን እንለያለን። በጉሮሯችን ውስጥ የሚሆነውም እንዲሁ ነው።

በጉሮሯችን ውስጥ ምን አለ?

በማንቁርታችን ውስጥ የድምፅ አውታር የሚባሉ ሁለት ትናንሽ ሥጋዎች ትይዩ ተዘርግተው ይገኛሉ። ከሳንባ የሚወጣው አየር በመካከላቸው ሲያልፍ ይርገበገባሉ፤ ድምፅም ይሆናሉ። ስንናገር የወንድ አውታር በአንድ ሰከንድ ውስጥ ወደ 120 ጊዜ፣ የሴት ወደ 200 ጊዜ፣ የልጅ ደግሞ ከ250 ጊዜ በላይ ይርገበገባል። የርግብግቢቱ ቁጥር በጨመረ መጠን ድምፁ ይቀጥናል።

ይህን በሕይወት ባለ ሰው ጉሮሮ ውስጥ እየሠራ አይቶ ለዓለም ያስረዳው ማኑኤል ጋርሲያ የተባለ የመዝሙር መምህር ነው። እ.ኤ.አ. በ1854 ትንሽ መስታወት ወደ ጉሮሮው አስገብቶ የፀሐይ ብርሃን በሌላ መስታወት እየመለሰ የራሱን አውታሮች ተመለከተ፤ በሚቀጥለውም ዓመት ያየውን ለንደን ላይ ለሊቃውንት አቀረበ።

ክራር የሚያውቅ ሰው ነገሩን ወዲያው ይረዳዋል። የክራር ክር ሲወጠር ድምፁ ይቀጥናል፤ ሲላላ ይወፍራል። የድምፅ አውታርም እንዲሁ ነው። ከማንቁርት ፊት ለፊት ያለች ትንሽ ጡንቻ አውታሩን ስትስበው ይረዝማል፣ ይሳሳል፣ ይወጠራል፤ ድምፁም ይቀጥናል። ጩኸት ግን የሚመጣው ከሌላ ቦታ ነው፤ ይኸውም ብዙ አየር በኃይል ሲገፋና አውታሮቹ ጠንከር ብለው ሲጋጩ ነው። ሰው በጩኸት ኃይል ወደ ቀጭኑ ድምፅ ልውጣ ሲል አውታሩ እንደ ወፈረ በግድ ለመወጠር ይሞክራል። ያን ጊዜ አንገት ይገታተራል፣ ድምፅ ይሰበራል፣ በማግስቱም ጉሮሮ ይሻክራል። የልጃችንም ችግር ይኸው ነበር።

እዚህ አገር ለምን ከበደን?

በአገራችን ክራር ወይም ማሲንቆ የሚመታ ሰው ክሩን የሚቃኘው በዘፋኙ ድምፅ ልክ ነው። ድምፁ ወፍራም ከሆነ ዝቅ አድርጎ፣ ቀጭን ከሆነ ከፍ አድርጎ ይቃኝለታል። ቄሶቻችንም ለጸሎት ሲቆሙ አንዱ ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። በስግድ ዕለት ለሰዓታት ቆመው ሲያዜሙ የምናያቸው አንዱ ሲያዜም ሌላው ስለሚያርፍ ጭምር ነው።

በትምህርት ቤት ግን ፒያኖ አለ። ፒያኖ ለዘፋኙ አይታዘዝም፤ ልጁ ለፒያኖው ይታዘዛል። «ሀቲክቫ» ብዙ ጊዜ በሚዘመርበት ልክ ያ የሚዘለለው ኖታ ለሴቶችና ለልጆች በሰከንድ ከ294 ወደ 587 ርግብግቢት፣ ለወንዶች ደግሞ ከ147 ወደ 294 ነው። ይኸውም በአንድ እርምጃ እጥፍ ይሆናል ማለት ነው፤ ሙዚቀኞች ይህን ርቀት አንድ ኦክታቭ ይሉታል። ያልተዘጋጀ ሰው እዚህ ላይ ቢሰናከል አይፈረድበትም።

የአያቷ መድኃኒት

ሁላችን ስንጨነቅ ሳለ መላውን ያመጡት የልጅቷ አያት ናቸው። ድንች እየላጡ ነገራችንን ሲሰሙ ቆይተው፣

«ልጄ፣ ነይ እስቲ። እልል በይ» አሏት።

«እማማ፣ አሁን ምን ተገኘና?»

«ግድ የለሽም፣ አንቺ እልል በይ።»

ልጅቷ እልል አለች። እልልታዋ ቀጭን፣ ጥርት ያለ፣ አንድም ስንጥቅ የሌለበት ነበር። አያቷም ሳቅ ብለው፣ «አየሽ፣ አለሽ እኮ! ማን ሰርቆሽ ነው የምታለቅሺው?» አሏት።

በኋላ የጠየቅናት የሙዚቃ መምህርት ነገሩ እውነት መሆኑን አረጋግጣልናለች። እልልታ የሚወጣው አውታሩ ሲሳሳና ሲወጠር በሚገኘው ቀላል ድምፅ ነው፤ ሙዚቀኞች «የራስ ድምፅ» ይሉታል፤ ደረት ላይ ከሚሰማው የዘወትር ድምፅ ይለያል። እልል የምትል ሴት ሁሉ ሳታውቀው ይህን ድምፅ ትጠቀምበታለች። ወንዶችም ቢሆኑ ከሩቅ ኮረብታ ሰው ሲጣሩ ወይም እንደ ሴት አስመስለው ሲናገሩ ያገኙታል። እንግዲህ ሥራው ያንን ድምፅ ከእልልታው አውጥቶ ወደ መዝሙሩ ማምጣት ነው።

በቀን 10 ደቂቃ

ከዚህ በታች ያለውን እኛም ከልጆቻችን ጋር ሞክረነዋል። በቀን ከ10 ደቂቃ በላይ አያስፈልግም። ጉሮሮ ካመመ ወይም ከቧጠጠ ወዲያው አቁሙ። ሕመም የስህተት ምልክት እንጂ የጉብዝና ምልክት አይደለም።

1. እስትንፋስ። በጀርባ ተንጋልላችሁ ሆዳችሁ ላይ መጽሐፍ አስቀምጡ። አየር ስታስገቡ መጽሐፉ ከፍ ይበል፤ ትከሻ ግን አይነሳ። ከዚያ «ስስስ» እያላችሁ አየሩን ሳትገፉ፣ እኩል አድርጋችሁ 15 ሰከንድ ያህል አውጡ። ለቀጭን ድምፅ የሚያስፈልገው ብዙ አየር ሳይሆን የማይቋረጥ አየር ነው።

2. ቱቦ። ለስላሳ መጠጥ የምንጠጣበትን ቀጭን ቱቦ፣ እዚህ አገር «ቃሽ» የሚሉትን፣ በግማሽ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ሁለት ጣት ያህል አስገቡ። በቱቦው ውስጥ «ኡ» እያላችሁ ውኃውን አረፋ አስደፍቁት፤ ድምፁንም ቀስ እያላችሁ ከወፍራም ወደ ቀጭን ውሰዱት። በጠባቡ ቱቦ ምክንያት ወደ ኋላ የሚመለሰው የአየር ግፊት አውታሮቹ ሳይጋጩ በቀላሉ እንዲርገበገቡ ይረዳል። ቱቦ ከሌለ ፈረስ እንደሚያደርገው ከንፈርን እያርገበገቡ ማዜም ተመሳሳይ ጥቅም አለው።

3. ጅብ። ይህን ልጆች ይወዱታል። በአገራችን ሌሊት የሰማነው የጅብ ድምፅ ከወፍራም ተነስቶ ሳይቋረጥ ወደ ቀጭን ይወጣል። እንደዚያው «ኡ» ብላችሁ ከታች ጀምራችሁ ሳታቋርጡ ወደ ላይ ተንሸራተቱ። በመካከል ድምፁ የሚሰነጠቅበት ቦታ አለ። አትፍሩት፤ ከደረት ድምፅ ወደ ራስ ድምፅ የሚታለፍበት በር ነው። እዚያ ስትደርሱ ኃይል ከመጨመር ይልቅ ቀንሱ።

4. ከላይ ወደ ታች። እልል በሉ፤ ከዚያ ምላሳችሁን አሳርፋችሁ ያንኑ ድምፅ በ«ኡ» ያዙት፤ ቀስ ብላችሁም ወደ ታች አውርዱት። ብዙ ሰው ከታች ወደ ላይ ብቻ ስለሚለማመድ ወፍራሙን ድምፅ ተሸክሞ ይወጣል። ከላይ የሚወርድ ግን ቀላሉን ድምፅ ይዞ ይወርዳል።

5. አፍና አገጭ። ኖታው ጣሪያ ላይ የተሰቀለ ይመስል አገጭን ወደ ላይ ማንሳት ጉሮሮን ያጠብቃል። ፊት ለፊት እያያችሁ፣ ድምፁ ሲቀጥን መንጋጋችሁን ወደ ታች ለቀቅ አድርጉ። «ኢ» ያለበት ቃል ቀጭኑ ቦታ ላይ ከገጠማችሁ ወደ «ኤ» ጠጋ አድርጋችሁ ብትሉት ይቀላል፤ ሰሚው ልዩነቱን አያውቀውም።

6. መዝሙሩ። ያስቸገራችሁን መዝሙር መጀመሪያ ዝቅ አድርጋችሁ ጀምሩት፤ ቀጭኑ ቦታ ያለ ጭንቀት መውጣት አለበት። እሱ ሲደላደል በሚቀጥለው ሳምንት መነሻውን ጥቂት ከፍ አድርጉ። በቤት ውስጥ ፒያኖ ስለሌለ ማንም አያስገድዳችሁም።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው ሁሉ ለውጡ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው። ጡንቻ በአንድ ቀን አይሠለጥንም።

የእያንዳንዱ ሰው ልክ

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ መሆን አለበት። ሥልጠና ያለንን ድምፅ ያሰፋዋል፤ ተፈጥሮን ግን አይለውጥም። አውታሩ ረጅምና ወፍራም የሆነ ሰው በልምምድ ብዙ ቢያሻሽልም የሌላውን ሰው ድምፅ አያገኝም። ለዚህም ሲባል ማክሄላ ውስጥ አንደኛ ድምፅና ሁለተኛ ድምፅ፣ «ኮል ሪሾን» እና «ኮል ሼኒ»፣ አለ። ሁለተኛ ድምፅ መባል ሁለተኛ ደረጃ መውጣት አይደለም፤ ከበታች ሆኖ መዝሙሩን የሚይዝ ድምፅ ነው፤ ካልነበረ መዝሙሩ ባዶ ይሆናል።

በሌላ በኩል የሰው ድምፅ የት ድረስ ሊደርስ እንደሚችል ከእኛው ልጆች አንዷ አሳይታለች። ወላጆቿ ከኢትዮጵያ የመጡትና ራሷ ኢየሩሳሌም የተወለደችው ኤደን አለነ እ.ኤ.አ. በ2021 እስራኤልን ወክላ በሮተርዳም በኤውሮቪዥን ውድድር ስትዘፍን በሰከንድ ወደ 2,000 የሚጠጋ ርግብግቢት ያለው ኖታ አሰማች፤ በውድድሩ ታሪክ እጅግ ቀጭኑ እንደሆነም ተነግሮላታል። ይህ ከራስ ድምፅም በላይ ያለ፣ «የፉጨት ድምፅ» የሚባል ነው። ልጆቻችን ይህን ሰምተው ሊያስመስሉ መሞከራቸው አይቀርም። ቀለል አድርገው ቢጫወቱበት አይጎዳቸውም፤ በግድ መጮህ ግን አይገባቸውም።

ለባር ሚጽቫ ለሚዘጋጁ ልጆች

ወንድ ልጅ 13 ዓመት ሲሞላው ለባር ሚጽቫው በምኩራብ ቆሞ በዜማ ያነብባል። ችግሩ የብዙ ልጅ ድምፅ የሚጎረንነው በዚሁ ዕድሜ አካባቢ መሆኑ ነው። ማንቁርቱ ያድጋል፣ አውታሩ ይረዝማል፣ ድምፁም ወደ አንድ ኦክታቭ ያህል ይወርዳል። ለወራት ድምፁ አንዴ ወፍራም አንዴ ቀጭን ይሆንበታል፤ ጓደኞቹም ይስቁበታል።

ወላጆች ሆይ፣ ይህ በሽታ አይደለም፤ ልጁም አላጠፋም። ለሚያስተምረው ሰው «ዝቅ ብሎ ቢጀምር ይሻላል» ብላችሁ ንገሩት። የንባቡ ዜማ ቋሚ መነሻ ኖታ ስለሌለው ልጁ ለድምፁ በሚመቸው ቦታ መጀመር ይችላል። ዓመት ሙሉ በልጅነት ድምፁ የተለማመደ ልጅ በመጨረሻው ወር ዝቅ ማድረግ ቢያስፈልገው ምንም አያሳፍርም። ወደ ድሮው ቀጭን ድምፁ በግድ ይመለስ ማለት ግን ጉዳት ነው። የሴቶች ልጆችም ድምፅ በዚህ ዕድሜ ጥቂት ይወፍራል፤ እስኪረጋም ድረስ ትንፋሽ ሊቀላቀልበት ይችላል።

ድምፅን ስለ መጠበቅ

ውኃ ጠጡ። ሻራቭ በሚነፍስበት ቀንና «ማዝጋን» ሲሠራ በሚውልበት ክፍል ውስጥ ጉሮሮ ይደርቃል። ማርና ዝንጅብል ጉሮሮን ያለሰልሳሉ፤ ሆኖም የምንውጠው ነገር በምግብ ቧንቧ ስለሚወርድ አውታሩን በቀጥታ አይነካውም። ትኩስ እንፋሎት መታጠን ግን እስከዚያ ይደርሳል፤ እንዳያቃጥል መጠንቀቅ ነው።

ማታ በርበሬ የበዛበት ምግብ በልቶ ወዲያው የሚተኛና ቃር ያለበት ሰው ጠዋት ድምፁ ሊሻክር ይችላል፤ የሆድ አሲድ እስከ ጉሮሮ ስለሚወጣ ነው። ሲጋራም አውታሩን ያሳብጣል። ጉሮሮን ደጋግሞ «እህህ» እያሉ መጥረግ አውታሮቹን ስለሚያጋጭ ውኃ መጎንጨት ይሻላል። ድምፅ ሲሻክር በሹክሹክታ ማውራት ዕረፍት ይመስላል እንጂ ብዙ ጊዜ ይበልጥ ያደክማል፤ ዝግ ብሎ በተፈጥሮ ድምፅ ማውራት ወይም ዝም ማለት ይመረጣል።

ድምፅ ያለ ጉንፋን ከ3 ሳምንት በላይ ከሻከረ በኩፓት ሆሊም ወደ ቤተሰብ ሐኪማችሁ ሂዱ። እሱም ወደ አፍንጫ፣ ጆሮና ጉሮሮ ሐኪም፣ ማለትም ወደ «አፍ ኦዜን ጋሮን» ይልካችኋል። ዛሬም እንደ ጋርሲያ ዘመን አውታሩን ያዩታል፤ በመስታወት ምትክ ቀጭን ካሜራ አለ። አለቅጥ በመጮህ አውታር ላይ የሚወጡ ትናንሽ እብጠቶች በልጆች ላይ የተለመዱ ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜም «ክሊናኢት ቲክሾሬት» በምትሰጠው ልምምድ ይሻላሉ። ደም ከተተፋ፣ ለመዋጥ ወይም ለመተንፈስ ካስቸገረ ግን ሦስት ሳምንት አይጠበቅም።

የበዓሉ ቀን

ልጃችን ሰባት ሳምንት ያህል ከአያቷ ጋር ወጥ ቤት ውስጥ ስትለማመድ ከረመች። አንዷ እልል ትላለች፣ ሌላዋ ትቀበላለች፤ ጎረቤት «ሠርግ አላችሁ እንዴ?» ብሎ እስኪጠይቅ ድረስ። በመካከሉም እናቷ ወደ ትምህርት ቤት ሄዳ፣ በተሰባበረ ዕብራይስጥም ቢሆን፣ «ልጄ አፏን ብቻ እንድታንቀሳቅስ አልፈልግም፤ የሚስማማትን ድምፅ ስጧት» ብላ ነገረቻት። አስተማሪዋም ደግማ አዳመጠቻትና ሁለተኛ ድምፅ ውስጥ አስገባቻት። እናቲቱ ባትሄድ ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር። ስለዚህ ወላጆች፣ ቋንቋው አይበቃኝም ብላችሁ አትቅሩ።

በበዓሉ ቀን ልጅቷ ከሁለተኛው መስመር ጫፍ ቆማ ዘመረች። መጨረሻ ላይ ሁላችን ብድግ ብለን «ሀቲክቫ» ሲጀመር ዓይናችን እሷ ላይ ነበር። ያ ቦታ ሲደርስ አገጯን አላነሳችም፣ አንገቷም አልተገታተረም፤ አፏን ለቀቅ አድርጋ ቀለል ባለ ድምፅ አለፈችው። ከሰባ ልጆች መካከል የእሷን ድምፅ ለይተን ሰማን ብንል ውሸት ነው። አጠገባችን የቆሙት አያት ግን «ደርሳለች» አሉን። ከንፈሯን ብቻ እያንቀሳቀሰች ከሆነስ ብለን ጠየቅናቸው። «እኔ ትንፋሿን አውቀዋለሁ» አሉ።

እኛም በዚያ ቀን ሳንጮህ ዘመርን። ቀጭኑ ቦታ ላይ ጥቂት ተሰበረብን፤ ለሚቀጥለው በዓል ግን ገና ጊዜ አለ።